ከኑዌርኛ ወደ ኑዌርኛ

ሥራዬ የሌላ ሰው «እኔ» መሆን ነበር። ጤነኛ ሆኜ ሳለ «ወገቤን ቆረጠኝ»፣ «ትንፋሽ አጠረኝ»፣ «ምግብ አልወርድ አለኝ» ስል እውላለሁ። አሁን ባጃጅ እነዳለሁ። ተሳፋሪ ከኋላዬ ተቀምጦ ሕመሙን ሲያወራ መሪዬን ይዤ እሰማለሁ እንጂ «እኔ» ማለት የለብኝም። አስተርጓሚ የነበርኩበት ክሊኒክ ባለቤት ዘግቶ አዲስ አበባ የገባ ጊዜ ነጩን ጋዋኔን አጣጥፌ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠኋት፤ መወልወያ ታድርገው ብዬ። አላደረገችውም። አስጠብባ ለልጇ የትምህርት ቤት ሸሚዝ አሰፋችለት። ቤቱም ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ የድንገተኛ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ቻርጀር ተሰቅሏል።

ይህን የምጽፈው ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ናፍቆት የሚበረታብኝ ሰው አይደለሁም። እናቴ «የዚህች ልጅ መቀመጫ እሾህ አለው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። የምጽፈው ምስጋና ሳላደርስላቸው የተለየኋቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ፊት ለፊት አመስግኚ ብትሉኝ ቀልድ ተናግሬ እሸሻለሁ። በጽሑፍ ግን የት እሸሻለሁ?

አባቴ ከወሎ መጥቶ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ሳሙና፣ ጨው፣ አቡጀዲ፣ የዓሣ መረብ ይሸጣል። እኔ ያደግሁት ከባንኮኒው ጀርባ ነው። አኝዋክ ዓሣ አጥማጆች መረብ እየጎተቱ ሲፈትሹ፣ የኑዌር ሴቶች በጨርቅ ዋጋ ሲከራከሩ፣ ቋንቋውን ከእነሱ አፍ ለቀምኩ። መጀመሪያ ስድቡን ተማርኩ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ሰላምታውን መጨረሻ ላይ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር አባዬ ባንኮኒውን መታ መታ አድርጎ «ይኸው ዩኒቨርሲቲሽ» አለኝ። እዚያ ዕድሜዬን እንደማልጨርስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ክሊኒኩ ከገበያው ጀርባ ነበር። አንድ ቀን የሱቃችን ደንበኛ የሆነች አኝዋክ ሴት ልጇን ታቅፋ ስትገባ አየኋትና ተከትያት ገባሁ። ሐኪሙ በአማርኛ ይጠይቃል፤ እሷ በአኝዋክኛ ትመልሳለች፤ መሃል ላይ የቆመው ዘበኛ ደግሞ የገባውን ግማሽ ይናገርና የቀረውን ከራሱ ይሞላል። ዝም ማለት አቃተኝ።

«እንደሱ አላለችም» አልኩ።

አንዲት አጭር፣ ወፈር ያሉ ነርስ ከመርፌ ጠረጴዛው ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እሺ፣ ምንድን ነው ያለችው?»

ያ ጥያቄ ነው የቀጠረኝ። ደሞዙን አታንሱብኝ።

ነርሷ ሲስተር ጥሩወርቅ ናቸው። የጎሬ ሰው ናቸው። በመንግሥት ሥራ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ ክሊኒኩ ለምኖ አስመጣቸው። ኪሳቸው ውስጥ ቆሎ አይጠፋም፤ ሲናደዱ አንድ ጭብጥ ወደ አፋቸው ይወረውራሉ፤ ስለዚህ ሲያኝኩ ካየን ሁላችንም ቀጥ ብለን እንሠራለን። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው መጡና እኔ በኩራት «እዚህ ጋ ያመኛል ይላሉ» አልኩ።

«ማን ነው የሚለው?» አሉኝ ሲስተር።

«እሳቸው።»

«እንግዲያው እሳቸው ይናገሩ። ‹እዚህ ጋ ያመኛል› በይ።»

«እኔን እኮ አላመመኝም፣ ሲስተር።»

«ሐያት፣ ‹ይላሉ ይላሉ› እያልሽ ከቆምሽ በመስኮት የምታይ ጎረቤት ነሽ። እኔ ጎረቤት አልጠራሁም። በሽተኛውን ነው የማናግረው።»

ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ገባኝ። «ይላሉ» ስል ሕመሙን አለሳልሰዋለሁ፤ እንደ ወሬ ነው የማቀብለው። «ያመኛል» ስል ቃሉ ከጉሮሮዬ የሚወጣበት መንገድ ራሱ ይለወጣል። ሐኪሙም ቀና ብሎ ያየኛል። ሰውየው ያላለውን ልጨምር ብል ምላሴ ይይዘኛል፤ በሰው «እኔ» መዋሸት ከባድ ነው።

ሲስተር ሌላም ልማድ ነበራቸው። በሽተኛ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነኩት ግንባሩን አይደለም፣ እግሩን ነው፤ በእጃቸው ጀርባ። «ግንባሩን ቤቱም ነክተውታል» ይላሉ። ግንባሩ እሳት ሆኖ እግሩ ከቀዘቀዘ ቆሎ ማኘክ ይጀምራሉ። የሚያሳፍር ጥያቄ ሲጠይቁ ደግሞ ጥያቄውን ጣል አድርገው ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ የታጠበ እጃቸውን እንደገና ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ይሄዳሉ። እኔም ወለሉን እንዳይ አስተማሩኝ። ውሃው እየወረደ ሰውየው ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ ይናገራል። «ዓይን ሲበዛበት ሰው ውሸት ይቀለዋል» ነበር የሚሉት።

ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ወደ እኛ የሚመጡት ለካንሰሩ አልነበረም። ለካንሰሩ ጅማ ወይ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ወደ እኛ የሚመጡት በመሃሉ ነው፤ መድኃኒታቸውን ወስደው አገራቸው ገብተው፣ ቀጣዩን ቀጠሮ እየጠበቁ ሳለ አንድ ነገር ድንገት ሲነሳባቸው። ካንሰር ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው ይባላል። ቀስ ብሎ ይሄድ ይሄድና አንድ ቀን ይሮጣል። የሚሮጥበት ቀን ጅማ ሩቅ ነው፤ እኛ ቅርብ ነን።

ኦሞድን ያጣነው እንደዚያ ነው።

ኦሞድ አኝዋክ ነው፤ ባሮ ዳር ዓሣ ያጠምዳል። ከአባቴ ሱቅ መረብ ስለሚገዛ አውቀዋለሁ። ወንዙ የሚሞላበት፣ ወባው የሚጠናበት ወቅት ነበር። ወንበሮቻችን በሙሉ በሚንቀጠቀጡ ሰዎች ተይዘዋል። እሱም እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ የሱፍ ኮፍያ እስከ ጆሮው ድረስ ደፍቷል። በጋምቤላ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ! ግን ወባ የያዘው ሰው ብርድ ልብስም ደርቦ ይመጣል፤ ማንም ልብ አላለውም። ዶክተር ናሆም የሚባል ከሐዋሳ የመጣ ወጣት ሐኪም ነበረን፤ ጥንቁቅ ነው፣ ጥያቄ አይዘልም። ሌላ በሽታ አለብህ ወይ ብሎ ጠየቀ። ኦሞድ የለብኝም፣ ጤነኛ ነኝ አለ። እኔም በሥርዓቱ «የለብኝም፣ ጤነኛ ነኝ» አልኩ። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ አለበት። እዚህ አገር ትኩሳት መጥቶ ወባ ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ መልሱ ተገኝቷል፤ ቀጣዩ ይግባ።

ሲስተር እግሩን ነክተው «ይኼን እግር አልወደድኩትም» አሉ። ዶክተር ናሆምም አልናቀውም፤ አልጋ ላይ አስተኛው፣ ጉሉኮስ አስጀመረው፣ የወባ መርፌውን አዘዘ። ኦሞድ ተኝቶ «ባሮ ሞላ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሞልቷል አልኩት። መረቡን ዘመዱ እንዲያነሳለት አደራ አለኝ።

ሚስቱ ከገጠር የደረሰችው በማግሥቱ ነው። ላቡን ልትጠርግለት ኮፍያውን አወለቀችው። ራሱ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነበር። ቅንድብም አልነበረውም፤ ኮፍያው ሸፍኖት ኖሯል። ዶክተር ናሆም ያየውን አይቶ ባለበት ቆመ። ሚስትየው ለምን እንደደነገጥን አልገባትም። በእኔ አፍ እንዲህ ስትል ነገረችን፤ አንገቱ ሥር ዕጢ ነበረው፣ ጅማ በደም ሥር መድኃኒት ሲሰጡት ዕጢው ሟሟ፣ እሱም «ካንሰሩን ጅማ ትቼው መጣሁ» እያለ ለመንደሩ ሲያወራ ሰነበተ። አልዋሸንም። ዕጢው የለም፤ ስለዚህ ጤነኛ ነው።

ዶክተር ናሆም በዚያችው ደቂቃ ጠንካራውን አንቲባዮቲክ አስጀመረና ወደ ሆስፒታል አስወሰደው። ግን አልደረሰለትም። ማታውኑ አረፈ።

ዶክተሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ። ያ መድኃኒት ካንሰሩን ሲገድል የሰውነትን ዘበኞችም አብሮ ይገድላል አለኝ። ዘበኛ የሌለው ቤት ውስጥ ሌባ ገብቶ ሳለ እኛ በሩ ላይ ያገኘነውን ፌንጣ ስናባርር ዋልን። «ወባ ነበረበት» አለ። «የገደለው ግን ወባ አይደለም።»

እኔ በኦሞድ ተናደድኩ። በሞተ ሰው ይናደዳሉ? እኔ እናደዳለሁ። ለሲስተር «ጠይቀነው ደበቀን» አልኳቸው።

ቆሎውን አኝከው ጨረሱ። «አልደበቀም። እኛ ዛሬ ምን አለብህ ብለን ጠየቅነው። ከየት መጣህ፣ ምን አድርገውህ መጣህ ብለን አልጠየቅነውም። ጥያቄው ነው የጎደለው፣ ሐያት፤ መልሱ ሙሉ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ፣ ወባ ቢገኝበትም ባይገኝበትም፣ ከጋምቤላ ወጥተህ ታክመህ ነበር ወይ፣ በደም ሥር ሲንጠባጠብ የሚውል መድኃኒት ወስደህ ነበር ወይ እየተባለ ይጠየቃል። ኮፍያም ይወልቃል። ሲስተር ፈቃድ ጠይቀው በገዛ እጃቸው ያወልቃሉ፤ ሽማግሌ አይል፣ ወታደር አይል። አባዬ ጉንፋን ይዞት ሲመጣ የሰላት ቆቡን ሳይቀር አስወለቁት። አባዬ መላጣውን እየዳሰሰ «ሲስተር፣ ይኼ የመድኃኒት አይደለም፤ የዚህች ልጅ ሐሳብ ነው የጨረሰው» አላቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በጫካው በኩል ካለችው ከመቲ የመጣች የአንድ ቡና ገበሬ ሚስት ግን ሻሿ ሲፈታ ፀጉር አልነበራትም፤ ትኩሳቷ ገና መጀመሩ ነበር። ዶክተር ናሆም የወባ ውጤቷን እንኳ ሳይጠብቅ አንቲባዮቲኩን አስጀመራት። ዳነች። ባሏ እስከ ዛሬ የመቲ ማር ይልክልኛል። ማሩን በበላሁ ቁጥር ኦሞድን አመሰግናለሁ። እንዲህ ማለት የሚከብድ ነው፤ ግን እውነት ነው።

የኦሞድ እናት ከለቅሶው በኋላ መጥተው ነበር። ሊወቅሱን መስሎኝ ጓሮ ልደበቅ ስል ሲስተር በእጄ ያዙኝ። ሴትዮዋ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፉ አንቺ ነበርሽ አሉ፣ መጨረሻ ምን አለ? ስለ ባሮና ስለ መረቡ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ልጄ ነው፣ ራሱ ነው» አሉና ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። ያን ቀን ነው ይህን ሥራ የወደድኩት።

አሁን ወደ እማማ ኛማል ልምጣ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል። አንዲት ረጅም፣ ቀጭን የኑዌር እናት ከባጃጅ በሁለት ጎረቤቶች ተደግፈው ወረዱ። ከባጃጁ ኋላ ላብ በላብ የሆነ ወጣት በእግሩ እየሮጠ ደረሰ። የልጃቸው ባል ነው፤ ጋትሉዋክ ይባላል። ባጃጁ ውስጥ ቦታ ነበር። አልገባም።

በኑዌር ዘንድ የሚስትህን እናት ማክበር ቀልድ አይደለም። እሷ ፊት አትበላም፣ ቀና ብለህ አታያትም፣ ሰውነትን የሚመለከት ወሬ ጆሮዋ እንዲደርስ አታደርግም፤ እሷም እንዲሁ። የከተማ ልጆች እየተዉት ነው። ጋትሉዋክ ግን አጥባቂ ነው። ጎረቤቶቹ አስገብተዋቸው ተመለሱ፤ እሱ በሩ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቆመ። ልጃቸው ኢታንግ ወረዳ አራስ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከእሱ በቀር ቤተሰብ የላቸውም። ጥሏቸው መሄድ አይችልም።

አሁን ሲስተር ጥያቄውን አይረሱም። እማማ ኛማል ከዓመታት በፊት አንድ ጡታቸው በካንሰር ተቆርጧል። አሁን የሚያማቸው ጀርባቸው ነው። ከወንዝ ውሃ ስለምሸከም ነው አሉ፤ ሁሉም ሰው የሚለው ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ እግራቸው ይከዳቸዋል።

ዶክተር ናሆም ፊቱ ተለወጠ። እግራቸውን እንዲያነሱ ጠየቀ፤ አነሱ፣ በግድ። ተረከዛቸውን በብዕር ጫረ። ከዚያ ሽንት እሺ ይልዎታል ወይ፣ ሽንት ቤትስ ይሄዳሉ ወይ ብሎ እንድጠይቅ ነገረኝ። ጠየቅሁ። ሲስተር ወደ ቧንቧው ሄዱ። እኔም ወለሉን አየሁ።

«ደህና ነኝ» አሉ እማማ ኛማል።

«ደህና ነኝ» አልኩ እኔ።

ዶክተሩ ደግሞ እንድጠይቅ አደረገኝ። ያው መልስ። «እውነት ደህና ከሆኑ ጊዜ አለን» አለኝ በአማርኛ። «ካልሆኑ ግን ካንሰሩ አከርካሪያቸው ውስጥ ገብቶ ነርቩን እየጨመቀው ነው፤ ዛሬ ካልተንቀሳቀስን ነገ አይራመዱም፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ለምንድን ነው ግን በሩን በሩን የሚያዩት?»

በሩን አየሁ። የጋትሉዋክ ጥላ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አልጋው ጫፍ ድረስ ደርሷል። ቧንቧው ቢንጠባጠብም፣ ሲስተር ጀርባቸውን ቢሰጡም፣ እኔ ወለል ባይም ዋጋ የለውም። ጆሮ በሩ ላይ አለ። የዚያ ሰው ጆሮ።

ወጥቼ ጋትሉዋክን ለአማትህ የሚጠጣ ውሃ አጣን፣ ከገበያው ማዶ ሂድና ጀሪካን ሞልተህ አምጣ አልኩት። ቧንቧችን ሲፈስ ይሰማል። አልጠየቀም። ጀሪካኑን ተቀብሎኝ ሮጠ።

ተመልሼ ምንም ሳልጠይቅ እማማ ኛማል ጣራውን እያዩ ተናገሩ። እኔም «ከትናንት ጀምሮ ሽንቴ አልወጣም» አልኩ። «ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ከወገቤ በታች የራሴ አይመስለኝም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሲስተር እርጥብ እጃቸውን እንኳ ሳያደርቁ ዞሩ። ሆዳቸውን ነክተው የሽንት ቱቦ አስገቡላቸው። እማማ ኛማል ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ያን ትንፋሽ መተርጎም አላስፈለገኝም። ዶክተር ናሆም እብጠት የሚቀንሰውን መርፌ ወጋቸውና ስልክ ያዘ። ጅማ የጨረር ሕክምና አለ፤ አብሮት የተማረ ሰው እዚያ አለ፤ አምጧቸው ተባለ። አምቡላንስ ተለምኖ ተገኘ። ከዚያ ሌላ ገደል መጣ። አስታማሚ ያስፈልጋል። ያለው ጋትሉዋክ ነው። ጋትሉዋክ ደግሞ አይነካቸውም፣ አያያቸውም።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። አፌ ነው የቀደመኝ። አባዬ ላላገባች ልጁ የማያውቀውን መንገድ ይፈቅዳል ብዬ አልጠበቅሁም። ሱቁን ለእናቴ ትቶ መጣ፤ አምቡላንሱ ውስጥ የተኙትን ሴት አየ፤ በሩ ላይ የቆመውን ወንድ አየ። ከዚያ አንድ ብርድ ልብስና ቴምር በፌስታል አቀበለኝ። «ዳገቱን ስትወጡ ቡሬ ላይ ይበርዳል» አለኝ። አባዬ፣ ያን ጊዜ አላመሰገንኩህም።

ጋትሉዋክ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ከእማማ ኛማል ጋር ነኝ። በመሃላችን መስታወት የሌለው ትንሽ መስኮት አለ። እስከ ጅማ ድረስ አንገቱን አላዞረም። ጋምቤላን ለቀን ዳገቱን ስንጀምር ግን በዚያች መስኮት ድምፁ መጣ።

«ንገሪያት፣ ይበርዳታል ወይ?»

በኑዌርኛ ነው። እማማ ኛማል ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተኝተው በደንብ ይሰሙታል። ግራ ገብቶኝ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ገባኝ። ጎንበስ ብዬ በኑዌርኛ «ይበርድሻል ወይ?» አልኳቸው።

«አይበርደኝም በይው።»

«አይበርደኝም» አልኩ ወደ መስኮቷ፣ በኑዌርኛ።

ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «አንቺ፣ ምንድን ነው የምታደርጊው?» አለ። ከኑዌርኛ ወደ ኑዌርኛ እያስተረጎምኩ ነው። እኔ እስከማውቀው ኑዌርኛ «አንቱ» የለውም። አክብሮቱ ያለው ፊት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው።

ዶክተሩ መንገድ ላይ የእግራቸውን ጣት እያየሁ እንድሄድ አዞኝ ነበር። ጣታቸው እየተንቀሳቀሰ ጅማ ከደረሱ ተስፋ አለ፤ መንገድ ላይ ከቆመ ግን እንጃ። ቡሬ ላይ ተንቀሳቀሰ። ጎሬ ላይ ጋትሉዋክ «ንገሪያት፣ ጣቷን ታንቀሳቅስ» አለ። ነገርኳቸው። የግራው ተንቀሳቀሰ። የቀኙ ዝም አለ። ብርድ ልብሱን ገልጬ አየሁት። መስኮቷ ላይ የጋትሉዋክ ጆሮ ብቻ ይታያል።

«ምን አለች?» አለኝ።

ሲስተርን አሰብኩ። ማለሳለስ የጎረቤት ሥራ ነው። «የግራው ይንቀሳቀሳል። የቀኙ አልተንቀሳቀሰም» አልኩት።

ለሾፌሩ በአማርኛ «ቶሎ በል፣ ወንድሜ» አለው። ሾፌሩም ቶሎ አለ።

መቱ ላይ ነዳጅ ስንቀዳ ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። ውሃ ብዬ ስላታለልኩት ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠኝ።

«ቧንቧችሁ ሲፈስ እሰማ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ሄድክ?»

«እኔ ቆሜ ሳለሁ እንደማትናገር አውቃለሁ። ትቻት ብሄድ ደግሞ ሰው ጥሏት ሄደ ይላል። የሚልከኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።»

እኔ ዘዴኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር እኮ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንዱ ሰው ብልህ ሆኖ ሂድ እንዲለው እየተማጸነ ነበር፤ በዝምታ፣ በጀርባው።

ጅማ ስንደርስ የቀኝ አውራ ጣታቸው እንደ ምስጥ ንቅንቅ አለች። አየሁ ልበል ወይስ ፈለግሁ፣ ዛሬም አላውቅም። ወዲያው ወሰዷቸው። በማግሥቱ ኑዌርኛ የምትችል ተማሪ ነርስ ተገኘችና እኔ ከአምቡላንሱ ጋር ተመለስኩ። እማማ ኛማል እጄን ይዘው መዳፌ ላይ እንደ ምርቃት እንትፍ አሉልኝ። ይራመዱ አይራመዱ ሳላውቅ ተለየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ክሊኒኩ የተዘጋው። ዶክተር ናሆም ሊማር ሄደ። ሲስተር እህታቸው ጋ መቲ ገቡ፤ ሲለዩኝ ኪሳቸው ውስጥ የቀረውን ቆሎ መዳፌ ላይ ገለበጡልኝና «ጎረቤት እንዳትሆኚ» አሉኝ። የጋትሉዋክ ስልክ አይሠራም። እኔም አባዬን አስለቅሼ ባጃጅ ገዛሁ። አለቀሰ ማለቴ ባንኮኒው ላይ ወራሽ ስለሌለው ነው፤ አሁን ከማንም በላይ የሚሳፈረው እሱ ነው።

በቅርቡ መናኸሪያው በር ላይ ሰው እየጠበቅሁ ሳለ አንድ ድምፅ «ማሌ» አለኝ፤ የኑዌር ሰላምታ ነው። ቀና ስል ጋትሉዋክ ነው። ከስቷል። ትከሻው ላይ የታሰረ ጨርቅና የውሃ ጀሪካን ተሸክሟል። ብቻውን ነው።

ሰላምታውን እንኳ አልመለስኩለትም። «የት ናቸው?» አልኩት።

ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ፣ አንገቱን ሳያዞር፣ በአገጩ ከትከሻው በላይ ወደ ኋላው ጠቆመ።

ከአውቶቡሱ ጀርባ መጀመሪያ ከዘራ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ረጅም እግር፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ትንሽ እየተጎተተ። እማማ ኛማል ናቸው። የሚደግፋቸው ሰው የለም። እሱ ሩቅ ቀድሟቸው ቆሟል፤ ድምፃቸው እንዲሰማው እንጂ እርምጃቸው እንዳይታየው። ሲቆሙ በከዘራቸው ድምፅ ያውቃል፤ ሲነሱም እንዲሁ።

ሮጬ ላቅፋቸው ፈልጌ ነበር። ግን ያን ያህል መንገድ በራሳቸው እግር መጥተው የቀረችውን ልቀማቸው? ባጃጄ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ደርሰው ከዘራቸውን ጣራው ላይ ኳ ኳ አደረጉና ይቺ ናት አምቡላንስሽ ብለው ስቀው ኋላ ገቡ። ጋትሉዋክ ከእኔ ጎን በግማሽ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ።

ከባሮ ድልድይ ሳንደርስ ከኋላ ድምፃቸው መጣ። «ንገሪው። አሁን ስሄድ ቀርፋፋ ነኝ። እንዳይጠብቀኝ፤ እሱ ቀድሞ ይሂድ።»

ጋትሉዋክ ሰማ። ነገርኩት።

«ንገሪያት» አለኝ፣ «እጠብቃለሁ።»

በመስታወቴ እማማ ኛማልን አየኋቸው። ምንም ሳልቀንስ፣ ምንም ሳልጨምር፣ ሲስተር እንዳስተማሩኝ «እጠብቃለሁ» አልኳቸው።